ኮፈኑ ሥር ያለው ቀጠሮ

ባሕር ዳር ውስጥ ያገለገለ የቅንጦት መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው በአብዛኛው ከቀለሙ ይጀምራል። ቦዲው ተመትቶ የተሠራ መሆን አለመሆኑን በጣቱ እያንኳኳ ያጣራል፣ የወንበሩን ቆዳ ይዳብሳል፣ ኤሲው ምን ያህል እንደሚያቀዘቅዝ ይሞክራል፣ ሊብሬውን አገላብጦ ያያል፣ ቦሎው መታደስ አለመታደሱን ይጠይቃል። ደላላው በበኩሉ ዋናውን ማሳመኛ ለመጨረሻ ያቆየውና «ሞተሩ አልተነካም» ይላል። ይህ አባባል በገበያችን ትልቅ ምስጋና ስለሆነ ብዙ ገዢ እሱን ሲሰማ ልቡ ያርፋል። እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይኸው አባባል ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ተመርቶ ከ200 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሄደ መኪና ሞተሩ በእውነት ካልተነካ፣ የሞተሩን የላይና የታች ክፍል እኩል የሚያስኬደው ባለ ጥርስ ጎማ፣ ታይሚንግ ቤልቱም አልተነካም ማለት ነው፤ ባለ ካቴና (ቼን) ከሆነም ካቴናውን የሚደግፉት ፕላስቲኮችና የሚወጥረው ቴንሽነር ከፋብሪካ እንደወጡ ናቸው። ስለዚህ «አልተነካም» የተባለው ሞተር ብዙውን ጊዜ ዕዳው ያልተከፈለ ሞተር ነው፤ ዕዳውም ከቁልፉ ጋር አብሮ ወደ ገዢው ይተላለፋል።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው የበለጠ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው የገፋ መኪኖችን ወደ አገር ማስገባትን በጣም ውድ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። በዚህ የተነሣ ቀድመው የገቡት መርሴዲሶች፣ ሌክሰሶች፣ ቢኤምደብሊውዎችና ሬንጅ ሮቨሮች ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ይኖራሉ። በተሠሩበት አገር ቢሆን ኖሮ ወደ ቁርጥራጭ ብረት የሚሄዱበት ዕድሜ ላይ የደረሱ መኪኖች እዚህ አራተኛና አምስተኛ ባለቤት ያገኛሉ። በዚህ ምንም ቅሬታ የለኝም፤ በደንብ የተሠራ መኪና በደንብ ተይዞ ረጅም ዕድሜ ቢኖር ደስ ይለኛል። ነገር ግን ባለቤቱ በተለወጠ ቁጥር ከመኪናው ተለይቶ የሚቀር አንድ ነገር አለ፤ እሱም የጥገናው ታሪክ ነው። ከታሪኩ ውስጥ ደግሞ እንደ ታይሚንጉ መጥፋቱ የሚያስጨንቅ ሌላ ክፍል የለም።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልግለጽ። ከሞተሩ ታች ከፒስተኖቹ ጋር የተያያዘው ክራንክሻፍት አለ፤ ከላይ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ደግሞ ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት አለ። ታችኛው ሁለት ጊዜ ሲዞር ላይኛው አንድ ጊዜ ብቻ መዞር አለበት፤ ይህን ልክ የሚጠብቀው ሁለቱን የሚያገናኘው ባለ ጥርስ ቤልት ወይም ካቴና ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር በሚሠራበት ጊዜ ክራንክሻፍቱ በሰከንድ 50 ጊዜ ይዞራል፣ እያንዳንዱ ቫልቭም በሰከንድ 25 ጊዜ ተከፍቶ ይዘጋል። ማኅሌት ላይ ከበሮው ከጸናጽሉ ቢቀድም ዜማው ይፈርሳል፤ እዚህ ግን የሚፈርሰው ብረት ነው። በአብዛኞቹ የቅንጦት መኪኖች ሞተር ውስጥ ፒስተኑ ወደ ላይ የሚደርስበት ቦታና ቫልቩ ተከፍቶ የሚወርድበት ቦታ አንድ ነው፤ የሚለያቸው ጊዜ ብቻ ነው። ቤልቱ ሲበጠስ ካምሻፍቱ ባለበት ይቆማል፣ ክራንክሻፍቱ ግን በመኪናው ጉልበት ጥቂት ይዞራል። በዚያች ቅጽበት ፒስተኖቹ ተከፍተው የቀሩትን ቫልቮች ይመታሉ። ቫልቮቹ ይጣመማሉ፣ አንዳንዴም ፒስተኑ ይበሳል። ከዚያ ቴስታታ ይወርዳል፣ ቫልቭ ይለወጣል፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ይታዘዛል፤ መለዋወጫው በቶሎ ካልተገኘም መኪናው ጋራዥ ውስጥ ወራት ሊቆም ይችላል።

ይህን ከገንዘብ ኪሳራ አንጻር ብቻ ማየት ስሕተት ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድ የምንጠቀም ሰዎች ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለውን የዓባይ በረሃ እናውቀዋለን፤ መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ እንደገና ይወጣል። ቁልቁለቱ ላይ ሞተር በድንገት ቢጠፋ መሪው ይከብዳል፣ የፍሬኑ ኃይል ሰጪም ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ያልቅና ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን መኪና፣ ውስጡ ቤተሰብ፣ ፊት ለፊቱ የጭነት መኪና፣ በስተጎኑ ገደል ባለበት ሁኔታ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ከባድ አይደለም። ስለዚህ «ገንዘብ ሳገኝ አስቀይረዋለሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ገንዘቡ እስኪገኝ ድረስ ቢያንስ ያን መንገድ በዚያ መኪና እንዳይሄድ እለምነዋለሁ።

ወደ ቤልቱ ልመለስ። በብዛት በተመረተ መኪና ላይ ባለ ጥርስ ታይሚንግ ቤልት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1962 ግላስ 1004 በተባለው የጀርመን መኪና ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጎማው በጣም ተሻሽሏል፣ በውስጡ ያለው የመስታወት ክር ጠንክሯል፤ ይሁን እንጂ ጎማ ጎማ ነው። ሙቀት ያደርቀዋል፣ ዘይት ያለሰልሰዋል፣ አቧራ ይበላዋል፣ ዕድሜም ብቻውን ያዳክመዋል። ብዙ ሰው የሚስተው ይህን የመጨረሻውን ነው። አምራቾች በአብዛኛው እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ90 ሺህ እስከ 160 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚደርስ ገደብ ሲያስቀምጡ ከጎኑ የዓመት ገደብም ይጽፋሉ፤ ትርጉሙም ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ይሠራል ማለት ነው። ባለቤቱ ውጭ አገር የሚኖር፣ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ የቆመ፣ ለበዓል ብቻ የሚወጣ ሌክሰስ ከተማችን ውስጥ አለ። «70 ሺህ ብቻ ነው የሄደው» ይባልለታል። ቤልቱ ግን 18 ዓመቱ ነው፤ ዕድሜው ሳይሄድም ይቆጠራል።

አንድ ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ከእንዲህ ያለ መኪና የወጣ ቤልት በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። ከሩቅ ደህና ይመስላል፤ ጥርሶቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸው፣ ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ተፍቆ ጠፍቷል። ወደ ውጭ አጥፌ ስመለከተው በጥርስና በጥርስ መካከል ቀጫጭን ስንጥቆች ተከፈቱ። ጠርዙ ላይ ነጭ ክር ተፈትቶ ወጥቷል፣ ከአንዱ ጎን ደግሞ ከፊተኛው የክራንክሻፍት ኦይል ሲል (የዘይት ማሸጊያ) የፈሰሰ ዘይት ጎማውን አሳብጦ እንደ ማስቲካ አድርጎታል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሞተሩ ምንም ድምፅ አላሰማም፣ ጉልበቱም አልቀነሰም። ቤልት ከመበጠሱ በፊት የሚያስጠነቅቅበት ልማድ የለውም፤ በዚህ ጠባዩ ከቼን ይለያል፤ በቀን መቁጠሪያ ብቻ የሚጠበቅ ዕቃ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ስለ ኪሎ ሜትር ከተነሣ ፕራዶ ስለሚገዙ ሰዎች አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቹ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች፣ ባለ 3.0 ሊትሩን የፕራዶ ሞተር ጨምሮ፣ ዳሽቦርዱ ላይ «ቲ-ቤልት» የምትል መብራት አላቸው። መብራቷ የምትበራው ሞተሩ የተቀጠረለት ኪሎ ሜትር ሲደርስ ነው፤ በዚህ ሞተር ላይ 150 ሺህ ነው። ሰዎች መብራቷ ካልበራች ቤልቱ ደህና ነው ብለው ያምናሉ። መብራቷ ግን ቤልቱን አታየውም፤ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የምትቆጥረው። ቤልቱ ሳይነካ መብራቷን ብቻ አጥፍቶ ቆጠራውን እንደገና ማስጀመር ይቻላል፤ ኪሎ ሜትር የተቀነሰበት መኪና ላይ ደግሞ ቆጠራው ራሱ ትርጉም የለውም። ስለዚህ የጠፋች መብራት ማስረጃ ተደርጋ መቅረብ የለባትም።

አሁን ወደ ቼኑ። «ይሄ ባለ ካቴና ነው፣ ዕድሜ ልክ ነው» የሚለው አነጋገር ገበያውን ሞልቶታል፤ መነሻውም ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። የድሮዎቹ ባለ አራትና ባለ አምስት ሲሊንደር የመርሴዲስ ናፍጣ ሞተሮች ባለ ሁለት ረድፍ ካቴና ነበራቸው፤ በአገራችን መንገድ ላይ ስንት ዘመን እንዳገለገሉ ያየ ሰው ቼንን ቢያምን አይፈረድበትም። ኋላ ላይ ግን የሞተር ክብደትና የነዳጅ ፍጆታ መቀነስ ሲፈለግ ካቴናው በብዙ ሞተሮች ላይ ወደ አንድ ረድፍ ቀጠነ፣ የሚመራበት ሐዲድ ፕላስቲክ ሆነ፣ የዘይት መቀየሪያው ጊዜም ተራዘመ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ የድሮው እምነት መሠረቱን አጣ።

ቼን «ተለጠጠ» ሲባል ብረቱ እንደ ጎማ ተሳበ ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ማያያዣ ፒን በሚዞርበት ቦታ ከፀጉር የቀጠነ ብረት ይፋቃል። ማያያዣዎቹ ብዙ ስለሆኑ ጥቃቅኑ ክፍተት ሲደመር ካቴናውን በሚሊ ሜትሮች ያስረዝመዋል። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አንዱን ጫፍ ያስተካከለ ሰው በሌላው ጫፍ ልዩነቱን በዓይኑ ያየዋል። ርዝመቱን ቴንሽነሩ እየተገፋ ይሸፍነዋል፤ ቴንሽነሩ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ግን ካቴናው ይላላና ጥርስ ይዘላል። ቴንሽነሩን የሚገፋው ደግሞ የሞተር ዘይት ግፊት ነው። ሌሊቱን የቆመ ሞተር ጠዋት ሲነሣ ዘይቱ እስኪደርስ ድረስ ለጥቂት ሰከንዶች የሚሰማው የብረት መንቀጫቀጭ ከዚህ ይመጣል። ይህ ድምፅ ቼን ለባለቤቱ የሚሰጠው ትልቁ ዕድል ነው፤ ከቤልት የሚሻልበት ዋናው ነገርም ይኼ ይመስለኛል፤ የሚሰማው ካለ።

የትኛው ሞተር ምን ጠባይ እንዳለው ሳያውቁ ባጅ አይቶ መግዛት ብዙዎችን ጎድቷል። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሲ፣ በኢና በኤምኤል መርሴዲሶች ላይ የተገጠመው ባለ ስድስት ሲሊንደር ኤም 272 ሞተር መጀመሪያ ላይ የተሠሩት ላይ የባላንስ ሻፍቱ (የሞተሩን ንዝረት የሚቀንሰው ዘንግ) ጥርስ ከተለሳለሰ ብረት በመሠራቱ ያለ ዕድሜው ያልቃል፤ ካቴናው ደህና ሆኖ ሳለ ታይሚንጉ ይሳሳታል፣ ለመጠገንም ሞተሩ መውረድ አለበት። ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ኤም 273 ተመሳሳይ ችግር በሌላ ጥርስ ላይ አለበት። ባለ አራት ሲሊንደሩ ኤም 271 ደግሞ በቀጭኑ ካቴናውና በካምሻፍት ጥርሶቹ ማለቅ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2007 የመጣው ኤን 47 የተባለው የቢኤምደብሊው ናፍጣ ሞተር ካቴናው የተቀመጠው ከኋላ በካምቢዮው (በማርሽ ሳጥኑ) በኩል ነው፤ ስለዚህ ለመቀየር ቢያንስ ካምቢዮውን፣ አብዛኛውን ጊዜም ሞተሩን ራሱን ማውጣት ይጠይቃል። የአውዲ 4.2 ሊትር ቪ8 ባለ ካቴናውም እንዲሁ ከኋላ ነው። ባለ ቤልት የሆኑት የላንድ ሮቨር ቪ6 ናፍጣ ሞተሮች ደግሞ ከፊት ካለው ቤልት ሌላ ከኋላ የናፍጣ ፓምፑን የምታዞር ሁለተኛ ትንሽ ቤልት አላቸው፤ የፊቱን ቀይሮ የኋላውን መርሳት የተለመደ ነው።

ይህ ሁሉ ባሕር ዳር ሲደርስ ሌላ መልክ ይይዛል። ከተማችን ውስጥ እጃቸው የሠለጠነ ባለሙያዎች አሉ፤ ይህን የምለው ለማሞገስ ሳይሆን ሥራቸውን ቆሜ ስላየሁ ነው። ነገር ግን የእጅ ሙያ ብቻውን የማይበቃባቸው ሞተሮች አሉ። ባለ ቤልቱ የሌክሰስ ቪ8 ሞተር የካምሻፍት ፑሊዎቹ ላይ የተቀረጸ ምልክት አለው፤ ጥንቁቅ መካኒክ ምልክቱን ከምልክቱ ጋር አገናኝቶ ቤልቱን መግጠም ይችላል። ብዙ የቢኤምደብሊው ሞተሮች ላይ እንዲህ ያለ ምልክት የለም፤ ካምሻፍቱን በቦታው ይዞ የሚቆልፍ ልዩ መሣሪያ ያስፈልጋል። በአንዳንዶቹ ላይ የክራንክሻፍቱ ጥርስ በቁልፍ ሳይሆን በብሎኑ ጥብቀት ብቻ የተያዘ ስለሆነ፣ ያ ብሎን ያለ መቆለፊያ ከተፈታ ታይሚንጉ ወዲያው ይጠፋል። በቀለም ምልክት አድርጎ መፍታት እዚያ አያዋጣም። መሣሪያው ከሌለ ሥራውን አልቀበልም የሚል መካኒክ ሊከበር ይገባዋል። መለዋወጫውም ቢሆን በብዛት የሚመጣው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ካለው የአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው፤ የተሳሳተ ቴንሽነር ከመጣ መኪናው ተፈትቶ እንደቆመ ሌላ እስኪላክ ይጠብቃል። ስለዚህ መኪና ሲመረጥ «ይህን ሞተር እዚህ ማን ይፈታዋል? በምን መሣሪያ?» የሚለው ጥያቄ ከዋጋው በፊት መምጣት አለበት እላለሁ።

ታላቅ ወንድሜ መኪና ሊገዛ ሲነሣ ሁለት ምርጫ ቀርቦለት ነበር፤ አንደኛው የ2006 ሞዴል ኢ 350 መርሴዲስ፣ ሁለተኛው የ2004 ሞዴል ኤልኤክስ 470 ሌክሰስ። መርሴዲሱ ውብ ነበር። ሁለቱንም ለማየት አብረውን እንዲሄዱ የጠየቅናቸው አንድ አንጋፋ ባለሙያ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር በተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ የተማሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ምክር የማይነፍጉ ሰው ናቸው። ገና ሳንነጋገር ለሻጩ በስልክ ያስተላለፉት አንድ ትእዛዝ ነበር፤ መርሴዲሱ ከምሽቱ ጀምሮ እንዳይነሣ። ሰፈነ ሰላም አካባቢ ካለው ግቢ ማለዳ ስንደርስ መጀመሪያ ያደረጉት እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ማሳረፍ ነበር። ሞቅ ብሏል።

«ነገ ጠዋት እንመለሳለን፤ ዛሬ አስነሥታችሁታል» አሉ በትሕትና።

ሻጩ ለማጠብ ብቻ እንዳስነሣው ነገራቸው። እውነት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ትኩስ ሞተር የቼንን ድምፅ ይደብቃል፤ ዘይቱ ገና ስላልወረደ ቴንሽነሩ ተወጥሮ ይጠብቃል። በማግስቱ ስንመለስ ኮፈኑ ቀዝቃዛ ነበር። ሞተሩ ሲነሣ ከፊት በኩል አጭር የብረት መንቀጫቀጭ ተሰማ፣ ወዲያው ጸጥ አለ። እሳቸው ድምፁን እንደሰሙ ፊታቸው ላይ ምንም ሳያሳዩ የመመርመሪያውን ማሽን ሰኩ፤ ፒ 0016 የሚል ኮድ ተመዝግቦ ተገኘ፤ ይህም የክራንክሻፍቱና የካምሻፍቱ አቀማመጥ አልተገናኘም የሚል መልእክት ነው። ወንድሜ የመኪናውን ቆዳ ወንበር እያየ ጥቂት ተከራከረ፤ «ጋሼ፣ ሴንሰር ቢሆንስ?» አላቸው። «ሴንሰር ሊሆን ይችላል ወንድሜ» አሉት፣ «ድምፁ ግን ሴንሰር አይደለም። ሞተር ለማውረድ የሚሆን ገንዘብ ለብቻህ ካስቀመጥክ ግዛው፤ ካላስቀመጥክ ይቅርብህ።» በዚያ ቀን ከሰማሁት ሁሉ ይህ አነጋገር ይበልጥብኛል፤ መኪናውን አላጣጣሉም፣ ዋጋውን ብቻ ሙሉ አደረጉት።

ሌክሰሱ ከአንድ ድርጅት በጨረታ የወጣ ነበር። ቦዲው ተቧጭሯል፣ አንዱ የበር ፕላስቲክ ተሰብሯል፣ ቀለሙ ደብዝዟል፤ ነገር ግን የጥገና መዝገቡ አብሮት ነበር። ቤልቱ በ140 ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ እንደተቀየረ በማኅተም ተጽፏል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከአሥር ዓመት በላይ አልፎታል። ሁለተኛው መቀየሪያ እንደደረሰ ግልጽ ስለነበር ወንድሜ የሥራውን ዋጋ አስገምቶ ከሽያጩ ዋጋ ላይ እንዲቀነስለት ጠየቀ፤ ሻጩም መዝገቡ የራሱ ስለሆነ ሊክድ አልቻለም። ከሁሉም የገበያ ዓይነት የጨረታ መኪና የሚሻልብኝ ለዚህ ነው። የሚያብረቀርቅና ታሪክ የሌለው መኪና ከሚገዛ፣ የተቧጨረና መዝገብ ያለው ቢገዛ ይሻላል። ማስረጃ የሌለው መኪና ደግሞ ሻጩ ምንም ቢምል ቤልቱ እንዳልተቀየረ ተቆጥሮ መገዛት አለበት።

ሥራው ሲሠራ ከጎን ቆሜ ነበር። ራዲያተሩ ወጣ፣ ፋኑ ወጣ፣ ሽፋኖቹ ተፈቱ። ከታችኛው ሽፋን ሥር ደረቅ ጭቃ ተገኘ፤ ቀደም ሲል የሠራው ጋራዥ ሁለት ብሎኖች ሳይመልስ ቀርቶ ሽፋኑ አፉን ስለከፈተ የክረምቱ ጭቃና የበጋው አቧራ እየገባ ኖሯል። በእኛ መንገድ ላይ ይህ ሽፋን ጌጥ አይደለም። ከቤልቱ ጋር የሃይድሮሊክ ቴንሽነሩ፣ ሁለቱ ፑሊዎች ከነኩሽኔታቸው፣ ኦይል ሲሎቹና በዚሁ ቤልት የሚዞረው የውሃ ፓምፕ ተቀየሩ። ቤልቱን ብቻ ቀይሮ አሮጌውን የውሃ ፓምፕ መተው ገንዘብ መቆጠብ አይደለም፤ ፓምፑ ሲያፈስ ወይም ኩሽኔታው ሲነክስ ያን ሁሉ ሥራ እንደገና ማስፈታቱ አይቀርም። አሮጌው ቴንሽነር በጣት ሲገፋ ገባ፤ አዲሱ ግን ሞርሳ ላይ ተይዞ ቀስ ተብሎ ካልተጨመቀ በስተቀር አይበገርም ነበር። ቤልቱ ከተገጠመ በኋላ መካኒኩ ክራንክሻፍቱን በእጅ ቁልፍ ሁለት ሙሉ ዙር አዞረውና ምልክቶቹን ደግሞ ተመለከተ። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ይህ ሁለት ዙር መታለፍ የለበትም፤ አንድ ጥርስ የተሳሳተ እንደሆነ በእጅ ሲዞር ጉዳት ሳያደርስ ይታወቃል።

መካኒኩ ሲጨርስ ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የተቀየሩትን ዕቃዎችና የሚቀጥለውን ቀጠሮ በማይለቅ ቀለም ጽፎ ኮፈኑ ሥር ለጠፈ። ቀጠሮው 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ወይም 7 ዓመት ነው፤ ፋብሪካው ለዚያ ሞተር ከሚፈቅደው ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው። ማሳነሱ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። አቧራው፣ የመንገዱ ዳገትና ቁልቁለት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መኪናው ቆሞ ሞተሩ የሚሠራበትን ሰዓት ኪሎ ሜትሩ አያሳየውም። ዱባይ ውስጥ ኤሲ ለማብራት ብቻ ለሰዓታት ሲሠራ የኖረ መኪና፣ ወይም እዚህ በጥርና በሚያዝያ ለሰርግ እየተከራየ አበባ ተጎናጽፎ በሐይቁ ዳር መንገድ በእግረኛ ፍጥነት የሚጓዝ መርሴዲስ፣ ካቴናውና ቤልቱ እየዞሩ ቆጣሪው ግን ቆሟል። የሰርግ መኪና የነበረን መኪና ስገዛ ቆጣሪውን ሳይሆን ዘይቱ በስንት ጊዜ እንደተቀየረ ነበር የምጠይቀው።

ዘይቱ ለባለ ካቴናው ሁሉ ነገር ነው። አንዳንድ የአውሮፓ አምራቾች 20 ሺህ ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚያስኬድ የዘይት ጊዜ ጽፈዋል፤ በጥሩ ነዳጅና በረጅም አውራ ጎዳና ታስቦ የተጻፈ ነው። ከግሽ ዓባይ እስከ ሹም አቦ እየቆመ እየተነሣ ለሚውል መኪና 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሞላ፣ ካልሞላም በስድስት ወር ዘይቱንና ፊልትሮውን መቀየር አለበት ባይ ነኝ። የቆሸሸ ዘይት ውስጥ ያለው ጥቃቅን ጥላሸት በካቴናው ፒኖች መካከል ገብቶ የሚፍቀው እሱ ነው፤ የቴንሽነሩን ጠባብ ቀዳዳ የሚዘጋውም እሱ ነው። የዘይቱ መጠን ማነስም እንዲሁ ይጎዳል፤ ዘይት የሚበላ አሮጌ ሞተር በየሳምንቱ የዘይት መለኪያ ዱላው ካልታየ ቴንሽነሩ አየር ይገፋል። ደረጃውም መጽሐፉ ላይ የተጻፈው መሆን አለበት፤ «ወፍራም ዘይት ድምፅ ያጠፋል» ተብሎ የሚደረገው ማወፈር ጠዋት ጠዋት ዘይቱ ወደ ላይ የሚደርስበትን ጊዜ ያስረዝመዋል፤ ድምፁ ቢቀንስ እንኳ ካቴናው የሚፋቅበት ሰዓት ይጨምራል።

እንደዚያ መርሴዲስ ያለ ኤም 272 ሞተር አስቀድሞ የገዛ ሰው ካለ መሸጥ የግድ አይደለም። መጀመሪያ የሞተሩ ቁጥር ይታይ፤ ፋብሪካው ጥርሱን ካስተካከለ በኋላ የተሠራ መሆን አለመሆኑን የሚለየው እሱ ነው፤ ሊብሬው ላይ ያለው የምርት ዓመት ብቻውን በቂ አይደለም። ቁጥሩ ከቀደሙት ወገን ከሆነ ክራንክሻፍቱ በተወሰነለት ምልክት ላይ ተደርጎ ከቴስታታው ፊት ያሉት የካምሻፍት ሴንሰሮች ይወጣሉ፤ በቀዳዳው ውስጥ የሚታየው ምልክት መሐሉ ላይ ካልተገኘ ጥርሱ መበላት ጀምሯል ማለት ነው። ምርመራው ሞተር ሳይወርድ፣ ቴስታታ ሳይነካ የሚያልቅ ነው። ምልክቱ መሐሉ ላይ ከሆነ ዘይቱን እየጠበቁ በየዓመቱ ደግሞ ማየት ይቻላል፤ ከሸሸ ግን መኪናው ቆሞ ዕቃው ይታዘዝ፣ ሞተሩም የሚወርደው ካቴናው፣ ሐዲዶቹና ቴንሽነሩ አብረው ተሟልተው ከመጡ በኋላ ይሁን።